አልጋችንን ቆጥረው ቤታችንን ያፈረሱት

በመጋቢት ወር ጋምቤላ ውስጥ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ታሟል፣ ወይ አዲስ ሙሽራ ነው። የቀረው ሕዝብ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ አጎበሩን ከማንጎ ቅርንጫፍ ወይም ከችካል ላይ አስሮ፣ ከባሮ በኩል ነፋስ ብቅ እስኪል ይገላበጣል። ሀብታሙም ድሃውም ያው ነው። የሀብታሙ አልጋ የግንብ አጥር ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እኔ የብርድ አገር ልጅ ነኝ። ያደግሁበት ከተማ ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥበት ነው፤ ደጅ የሚያድር ካለ ወይ ዘበኛ ነው ወይ አእምሮው የታወከ። በነርስነት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ወደዚህ ስመጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሬን ከርችሜ፣ መስኮቴን ዘግቼ፣ እንደ ድንች ስቀቀል ነው የነጋልኝ። እባብ ፈርቼ ነበር፤ ከእባቡ ይልቅ ግን ሰው ፊት መተኛቱ ነው ያሳፈረኝ። አከራዬ ጠዋት ጠዋት ያበጠ ፊቴን እያየች ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ሳታስፈቅደኝ ክፍሌ ገባች፤ አልጋዬን ከነፍራሹ እየጎተተች አወጣችና ከእሷ አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ቤት የዕቃ ነው» አለችኝ። «ሰው ውጭ ይተኛል።»

አከራዬ አኙዋክ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ድልድዩ አጠገብ ዓሣ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ የሚሰማ ድምፅ ያላት ሴት ናት። አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሹሙንም ቄሱንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔ «እማዬ» እላታለሁ። በዐቢይ ጾም የተጠበሰ ዓሣ ታመጣልኝና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን እንከራከራለን፤ እሷ በጾሙም በክርክሩም ስለማታምን ሁልጊዜ የምረታው እኔ ነኝ፣ ዓሣውን የምበላውም እኔ ነኝ።

ግቢዋ ውስጥ በጭቃ የተመረጉ፣ ሣር የለበሱ ጎጆዎች አጥሩን ተከትለው ክብ ሠርተው ቆመው ነበር። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የአባቷ፣ የቀሩት እኔና እኔን የመሰሉ ደመወዝተኞች የተከራየናቸው። መሐሉ አንድ ትልቅ ማንጎ የቆመበት ሰፊ መሬት ነው። ዝናቡ ሲያባራ በጥቁር ጭቃ ትለቀልቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ በጫማ የሚረግጠው ወዮለት። ምሳ የሚበላው እዚያ ነው፣ ዓሣ የሚሰጣው እዚያ ነው፣ የሰፈሩ ሴቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡትም እዚያ ነው። ሲመሽ ደግሞ አልጋ ይደረደርበታል።

ከሁላችን ይልቅ ያንን መሬት የሚፈልገው አባቷ ነበር። ሽማግሌው በጉልበቱ ዘመን አልዌሮ ግድብ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከመ፣ አሁን ግን ከአልጋው እስከ አጥሩ ለመሄድ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ነው። እኔው ራሴ ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር፤ ሐኪሙ ልቡም ሳንባውም ደክሟል አለን። ጣሪያ ሥር ሲያስተኙት ይታፈናል፤ ማንጎው ሥር ትራስ ደራርበን ስናስደግፈው ግን እስኪነጋ ይተኛል። ለእኛ ያ ግቢ ምቾት ነበር። ለእሱ ትንፋሹ ነበር።

እንግዲህ በአንዱ መጋቢት ከደጋ አጥኚዎች መጡ። ያመጣቸውን ቢሮ ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራውም ስሙ በየጊዜው ስለሚቀየር ይህ እስኪነበብ ሌላ ሆኖ ይቆያል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጃኬታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው የገቡት። ሥራቸው ከተማዋን በቀጠና መከፋፈል ነበር። የትኛው ሰፈር ምን ዓይነት ቤት ይሠራበት የሚለውን ደንብ በማስተካከል ለዝቅተኛ ገቢ ሰው ርካሽ የኪራይ ቤት እንዲበዛ ማድረግ። ለጆሮ ደስ ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጋምቤላ ኪራይ የተማረረ ደመወዝተኛ ምን ይላል?

ችግሩ ሙቀቱ ነው። አጥኚዎቹ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ስለዚህ ብልሃት ፈጠሩ፤ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ሰፈሩን ዞረው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ኤሲ ያለበት ሆቴላቸው ይገባሉ። በመጋቢት፣ በጋምቤላ፣ ጎህ ሲቀድ! በዚያ ሰዓት ከተማው በሙሉ ደጅ ነው። ሰው ተኝቶ ስለነበር ማንንም አልጠየቁም። በየአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ ደጅ የተዘረጋውን አጎበር ሁሉ እየቆጠሩ፣ ፎቶ እያነሱ አለፉ። ስለ እነሱ ድካም ብዙ ተነግሯል፤ ከእነሱ አንዱ «ይቅርታ እናቴ፣ ለምንድን ነው ውጭ የተኛሽው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

እኔም አንዱን አይቼዋለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ከሸምበቆው አጥር በላይ አንድ ራስና አንድ ስልክ አየሁ። ሌባ መስሎኝ ጮህኩበት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝና ሄደ። ሌባ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ሌባ ቢበዛ ስልክ ወይም ዶሮ ነው የሚወስደው።

ከፋሲካ በኋላ ለሕዝብ ውይይት ተጠራን። እኔ የሄድኩት ከጤና ጣቢያ አንድ ሰው ይምጣ ስለተባለ ነው፤ አከራዬ ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ወክላ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፣ የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አያራግብም። የአጥኚዎቹ አለቃ፣ አማካሪው፣ ስላይዱን ከፈተ። በዚህች ከተማ እጅግ ብዙ ነዋሪ መጠለያ አጥቶ ሜዳ ላይ እንደሚያድር፣ ይህንንም ቡድኑ በዓይኑ እንዳረጋገጠ ነገረን። ድምፁ ሐዘን ነበረበት። ሐዘኑ የምር ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ከዚያ ለማስረጃ ፎቶ አሳየን።

የእኛ ግቢ ነበር። ከፊት ሰማያዊው አጎበሬ፣ እኛው ጤና ጣቢያ ያደልነው፤ በውስጡ ጽጌረዳ ያለበት አንሶላዬ፤ ከአንሶላው ጫፍ የወጣው እግር የራሴ እግር። ከሥሩ «መጠለያ ያጡ እናቶች» ተብሎ ተጽፏል። መጠለያ አላጣሁም። እናትም አይደለሁም።

«ልጄ፣ ይቺ ያንቺ እግር ናት!» አለች አከራዬ፣ በዚያ የመዝሙር ድምፅዋ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን እየደበደበ «ሥነ ሥርዓት!» አለ። እጄን ባወጣ «ጥያቄና አስተያየት ሰብስበን በአንድ ላይ እንመልሳለን» ተባልኩ። ጥያቄ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ይሰበሰባል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይመጣል፣ ከሻይ በኋላ ሰዓት አልቋል ይባላል።

እንደምንም ማይኩን አገኘሁት። «ፎቶው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከኋላዬ የሚታየው ጎጆ ክፍሌ ነው፤ ቁልፉ ይኸው በእጄ። ውጭ የማድረው ቤት አጥቼ አይደለም፣ ስለሚሞቅ ነው። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዛሬም ውጭ ነው የሚተኛው። ካላመናችሁ ጠይቁት።»

ጠየቁ። «እውነት ነው?» አለ ሰብሳቢው። ዝም! ዓይን አይቶት የማያውቅ ጉድ ነው። በየመንገዱ ስናልፍ አጎበሩ ውስጥ ሆኖ «ደህና አደራችሁ» የሚለን ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሱቁ በር ላይ የሚያንኮራፋው ሰውዬ፣ ተነሥቶ «በርግጥ አንዳንድ ቤት የሌላቸው ወገኖች አሉ» ብሎ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከደጋ የመጣ፣ ሱፍ ለብሶ ስላይድ የሚያሳይ እንግዳ ፊት «እኛ ደጅ ነው የምንተኛው» ማለት አሳፈራቸው። ኋላ ቀር ይሉናል ብለው ፈሩ። እኔን ያሳፈረኝን አልጋ አውጥታ ያስተማረችኝ ከተማ፣ ሰው ሲመጣባት በራሷ አፈረች።

አከራዬ ግን እፍረት አታውቅም። ተነሣችና አማካሪውን በጣቷ እያሳየች «አንተ፣ ስማ። ቤት አለኝ። ቤቱ በጣም ይሞቃል። አባቴ ውስጥ ቢተኛ ይሞታል። ስለዚህ ውጭ ነን። አበቃ» አለች። ከዚህ በላይ ግልጽ አማርኛ ከየት ይመጣል? ጸሐፊው አቀርቅሮ ጻፈ። ከሻይ በኋላ የውይይቱ ማጠቃለያ ሲነበብ እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ «ነባር የጭቃ ቤቶች ለጤና አደገኛና ለሕይወት አስጊ መሆናቸው ከተሳታፊዎች ተነሥቷል፤ በግብዓትነት ተወስዷል።» ከዚያ በጭብጨባ ጸደቀ። አከራዬም ስላልገባት አጨበጨበች።

ደንቡ በክረምቱ ወጣ። ሰፈራችን ካርታው ላይ ቢጫ ተቀብቶ «የአነስተኛ ኪራይ ቤቶች ቀጠና» ተባለ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ እንዲሉ፣ በስሙ ላይ እንከን አይወጣለትም። ቢጫው ውስጥ ያለ ባለይዞታ የጭቃና የሣር ቤቱን አፍርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ፣ በተሰጠው ንድፍ ብቻ፣ በመደዳ የኪራይ ክፍሎች ይሠራል። ግቢ ውስጥ «ያለ ጥቅም የተቀመጠ ባዶ ቦታ» አይፈቀድም፤ ከዓመት በኋላ ባዶ የተገኘ መሬት ተቆርሶ ቤት ለሌለው ይሰጣል። ደጅ አልጋ መዘርጋትም ለከተማው ገጽታ ሲባል ተከለከለ። ያለ ጥቅም የተቀመጠ ማለት እንግዲህ ሽማግሌው የሚተነፍስበት ነው።

ንድፉን አየሁት። ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ እኔ ካደግሁበት ከመሰለ ከተማ የተገለበጠ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የፊት መስታወት የምታክል፣ በረንዳ የሌለው፣ ክፍል ከክፍል ተጣብቆ ሙቀት እንዳያመልጥ የተሠራ። ብርድ እንዳይገባ! ጋምቤላ ውስጥ ብርድ ከየት ተነሥቶ ነው የሚገባው?

ምላሴ አላርፍ ብሎኝ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ኃላፊው የቀጠናው ሥራ የተሰጠው ሰው ነው፤ የዚሁ ከተማ ተወላጅ፣ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ። የመጨረሻ ልጁ የክትባት ቀን አልፎባት ቤቱ ድረስ ሄጄ ስለነበር ግቢውን አውቀዋለሁ። አልጋዎቹ ዛፍ ሥር ተደርድረው በዓይኔ አይቻለሁ።

«እርስዎም እኮ ውጭ ነው የሚያድሩት» አልኩት።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እሱን እዚህ አናነሣውም» አለኝ።

«ለምን?»

«ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን እኛ ጋምቤላዎች ወደን ነው ሜዳ ላይ የምንተኛው ብዬ ልጻፍ? ምን ይሉናል?»

«አሁንስ ምን እያሉን ነው? ቤት የላቸውም እያሉን አይደል?»

«ቤት የላቸውም መባል ይሻላል» አለኝ፣ እንደ ልጅ እየመከረኝ። «ቤት የለም ሲባል እኮ በጀት ይመጣል።»

ከኋላው ካርታው ተሰቅሎ ነበር። የእሱን ሰፈር ፈለግሁት፤ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሰፋፊ ግቢዎችና ዛፎች እንዳሉ የሚጠበቁበት» አለኝ፤ ፊቱ ላይ አንዲት ነገር እንኳ ሳትንቀሳቀስ። እንግዲህ ያው ማንጎ፣ ያው መሬት፣ ያው አልጋ ነው። እነሱ ጋ ሲሆን ውበት፣ እኛ ጋ ሲሆን ባዶ ቦታ። ዓይነ ደረቅ ብዬው ወጣሁ፤ በልቤ ነው ያልኩት፣ ደመወዜን እፈልገዋለሁ።

አከራዬ መሬቷ እንዳይቆረስባት ትሥራ፤ በምን ትሥራ? ዓሣ ሽጦ ብሎኬት የገነባ አልሰማሁም። በዚህ ጊዜ ከፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ጋር የሚነግድ አንድ ነጋዴ መጣ። እኔ እገነባልሻለሁ፣ ያወጣሁትን እስካወጣ ክፍሎቹን እጠቀምባቸዋለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ያንቺ ነው አላት። በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ ስሙም «የልማት አጋርነት» ይባላል። ተይ ብዬ ለመንኳት። «ልጄ፣ መሬቱን ከሚወስዱት፣ ቤት ይሁን» አለችኝ።

ጎጆዎቹ የፈረሱት ጥቅምት ላይ ነው። አፍራሾቹ የእኔን ለመጣል ብዙ አልደከሙም። ከተለቀለቀው መሬት ላይ በቦቲ ጫማ ሲራመዱ አከራዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች፣ ከዚያ ተወች። ማንጎውን ለመደዳው ይመች ብለው ቆረጡት። እኔ ዕቃዬን በባጃጅ ጭኜ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ጡረታ የወጣ የአገሬ ሰው መምህር ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አለቀስኩ፤ ባጃጅ ነጂው «እህት፣ ሰው ሞተብሽ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ጥር ላይ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ኃላፊው «የመጠለያ ችግርን ከሥሩ የነቀልንበት ቀን ነው» አለ። አማካሪውም ከደጋ መጥቶ ነበር፤ ጃኬቱን በክንዱ እንደያዘ ተጨበጨበለት። እኔም ሄጄ ነበር። አንዱን ክፍል ገብቼ ግድግዳውን በእጄ ብነካው ገና ከረፋዱ እንደ ምጣድ ግሏል። ማን ሊገባበት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከተቆጠሩት አጎበሮች የአንዱም ባለቤት አልገባም፤ እነሱ ቀድሞውኑ ቤት ነበራቸው። የገባው ሳሙና ነው። ነጋዴው መደዳውን በሙሉ መጋዘን አደረገው፤ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ወደ ፑኝዶ የሚሄድ ጆንያ ሁሉ። አንደኛዋን ክፍል ብቻ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ተከራያት፤ ኤሲ አስገጠመ፣ የኤሲው ትኩስ አየር ደግሞ የሚወጣው በአከራዬ በር ላይ ነው። የመደዳው የመጨረሻ ክፍል ለእሷና ለአባቷ ተሰጥታ ነበር፤ በሩ በሸምበቆው ፋንታ ከተሠራው የግንብ አጥር ጋር ፊት ለፊት፣ በመሐል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መተላለፊያ። ያ ነው ግቢው።

መጋቢት ሲገባ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሽማግሌው በሩ ላይ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አፉን ከፍቶ አየሩን የሚፈልገው ይመስል ነበር። ደረቱን አዳመጥኩት፤ የሰማሁት አላማረኝም። «እየተኛ ነው?» አልኳት። «ቁጭ ብሎ ያድራል» አለችኝ። አልጋውን መተላለፊያው ላይ ልታወጣ ሞክራ አልበቃም። ከዚያ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር አወጣችው። ለጥቂት ቀን ተኛ። ደንብ አስከባሪዎቹ መጡና በዚህ ቀጠና ደጅ ማደር ክልክል ነው አሏት። «ቤት ተሠርቶልሽ ለምን ውጭ ታስተኚዋለሽ? ለአባትሽ አታዝኚም?» አሏት። አልጋውን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡላት። ደግ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እኔ ማን ላይ እንደምጮህ እፈልጋለሁ። ኃላፊው ላይ? እሱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተኝቷል። አማካሪው ላይ? እሱ ብርድ አገር ነው፤ በሕይወቱ አንዴ ላዘነላቸው ሰዎች ቤት አስገንብቷልና ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። እጅግ የጠላሁት ግን እነሱን አይደለም፣ ያንን ዝምታ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «አዎ፣ ሁላችንም ውጭ ነው የምናድረው» የሚል ሦስተኛ ሰው ቢገኝ ኖሮ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በዚያው ሰሞን በእኔ ሰፈር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ቀጠና ውጤታማ ስለሆነ እንዲስፋፋ ተወስኗል ይላል። የእኛም መንገድ ቢጫ ሊቀባ ነው። የግቢው ጌታ መምህሩ ማስታወቂያውን ቆሞ ካነበበ በኋላ ግቢው ውስጥ ያለውን የኒም ዛፍ ቀና ብሎ አየው። «ከክረምቱ በፊት አይደርሱብንም» አለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ አከራዬ መጣች። እስካሁን አከራዬ ነው የምላት፤ ሌላ ምን እላታለሁ? ከዓሣ ገበያ በቀጥታ ስለመጣች ላቧ ይወርዳል። ኒሙ ሥር አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ስትጨርስ ግቢውን ዞር ዞር ብላ ቃኘችው። መሬቱን አየች፣ ጥላውን አየች፣ የእኔን አልጋ አየች።

«ልጄ፣ እዚህ የሚከራይ ክፍል አለ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ለሌላ ሰው የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። የአነስተኛ ኪራይ ቤቶች ባለቤት ናት እኮ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለውን ስሰማ አድጌያለሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

«ለማን ነው እማዬ?»

«ለአባቴ። ክፍሉ ትንሽ ይሁን፣ ግድ የለም። አልጋ ማውጣት ይፈቅዳሉ?»

መምህሩ ከወንበሩ ሆኖ ሰምቷታል። አየሁት፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ስለ ማስታወቂያው ምን ልንገራት? መዋሸት አልፈለግሁም።

«ይፈቅዳሉ» አልኳት። «ግን እማዬ፣ እስከ ክረምት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይሄም ቢጫ ይሆናል።»

የቀሩትን ወራት በጣቶቿ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር፤ እጆቿ ግን ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ።

«ለአባቴ እስከ ክረምት ይበቃዋል» አለችኝና አልጋውን ልታመጣ ተነሣች።